ጀሪካኗን ሳትሞሉ እሳቱን እንዳትለኩሱ

የዛሬው ጉዳያችን ከወትሮው ለየት ይላል። ስለ ስኳርም ስለ ደም ግፊትም አይደለም። ስለ ቧንቧ ሥራና ስለ እሳት ነው። "ዶክተርን ከቧንቧ ጋር ምን አገናኘው?" እንዳትሉኝ። ቧንቧው የባለሙያው ነው፤ የተቃጠለው እጅ ግን የሚመጣው እኛ ጋ ነው።

እስቲ በአንድ ታሪክ እንጀምር። የአንድ ታካሚ ታሪክ አይደለም፤ እንዲህ ያሉ አደጋዎች የሚደርሱበትን መንገድ ለማሳየት አንድ ላይ አድርጌ የሠራሁት ምሳሌ ነው።

ጊዜው ታኅሣሥ መጨረሻ፣ የገና ዋዜማ ነው። ቦታው መንዝ፣ መሐል ሜዳ። ልጆች ከአዲስ አበባ ለበዓል ገብተዋል፣ ቤቱ ሞልቷል፣ ሌሊቱን ደግሞ ውርጭ ሲወርድ አድሯል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እናት ቧንቧውን ሲከፍቱት ጠብታ የለም። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ግድግዳ ያለው ቧንቧ ከመሬት በላይ ነው የተዘረጋው፤ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኗል።

"እማዬ፣ አታስቢ። አሁን ነው የማስለቅቀው" ይላል ታላቁ ልጅ። ጎረቤት ካለ የቧንቧ ሠራተኛ ያቺን ነበልባል የምትተፋ መሣሪያ ተውሶ ይመጣል። ነዳጇ አልቋል። ነጭ ጋዝ አላገኘም። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ይገዛና ይሞላታል፤ ይነፋታል፤ ይለኩሳታል። እሳቱ ግን በአፏ ብቻ አልወጣም፤ በነዳጅ መሙያው ክዳን በኩልም ወጣ። መጀመሪያ እጁ፣ ቀጥሎ የጃኬቱ እጅጌ፣ ከዚያ ፊቱ።

"ውሃ! ውሃ አምጡ!"

ውሃ የለም። መጀመሪያውኑ እሳቱ የተለኮሰው ውሃ ስለሌለ ነው እኮ!

አንዷ ኮልጌት ይዛ ትሮጣለች፤ ሌላዋ ለዶሮው የተነጠረውን ቅቤ። ጤና ተቋም ሲደርስ ሰዓታት አልፈዋል፤ እጁ በኮልጌትና በቅቤ ተለብጧል፤ ቀለበቱ ባበጠ ጣቱ ውስጥ ተቀብሯል።

ይህ ሰው ሁለት ስህተት ሠርቷል ልትሉ ትችላላችሁ፦ ቤንዚን መጠቀሙና ቧንቧ በእሳት ማሞቁ። ልክ ናችሁ፤ ሁለቱንም እናያቸዋለን። ግን ከሁሉም በፊት የምታስቀድሟት አንዲት ነገር አለች፤ እሷን ነው ዛሬ ከዚህ ጽሑፍ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው።

ለምንድን ነው ሁሌም ውሃ የሌለው?

ልብ ብላችሁ አስቡት። ቧንቧ የሚጠግን ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? ውሃውን መዝጋት። ሮቶው ላይ ያለውንም ዘግቶ መስመሩን ያደርቃል። ከዚያ ነው እሳቱን የሚያነሳው። ቧንቧው በውርጭ ከቆመም ያው ነው፤ ውሃ የለም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥም ሆነ ደብረ ብርሃን፣ ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር እሳቱ የሚለኮሰው ውሃው በጠፋበት ቀን ሊሆን ይችላል።

በሌላ አነጋገር በቧንቧ ሥራ ላይ እሳት የሚነሳው ቤቱ ውስጥ ውሃ በሌለበት በዚያችው ሰዓት ነው። ቃጠሎ ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያው፣ ርካሹና ትልቁ መድኃኒት ውሃ ነው።

ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፦ ውሃውን ከመዝጋታችሁ በፊት ባለ 20 ሊትሯን ጀሪካን ሙሏትና ሥራው ቦታ አጠገብ አስቀምጧት። ቧንቧው ሳይታሰብ ከደረቀም ከጎረቤት ቀድታችሁ ነው ሥራ የሚጀመረው። ለምን 20 ሊትር? የተቃጠለ ቆዳ ለ20 ደቂቃ ውሃ ሊፈስበት ይገባል። በደቂቃ አንድ ሊትር በቀስታ ብታፈሱ 20 ሊትር ለ20 ደቂቃ ትበቃለች። 20 ለ20 ብላችሁ ያዟት።

መሣሪያዋን እንወቃት

ባለሙያዎች ብሎ ላምፕ ወይም ቶርች ይሏታል። የድሮዋ ዓይነት የነሐስ ሆድ አላት፤ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ይሞላባታል፤ በፓምፕ አየር ይነፋባትና ነዳጁ በጋለ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ጋዝ ተለውጦ በአፏ ይነዳል። ስዊድናዊው ካርል ሪቻርድ ኒበርግ በ1880ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ይህን ዓይነቷን እየሠራ መሸጥ ጀመረ። በብዙ ቤት የምናውቀው ባለ ፓምፕ የጋዝ ምድጃም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። የአሁኗ ዓይነት ደግሞ በትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ ወይም በሲሊንደር ላይ ትገጠማለች። የሁለቱም ነበልባል ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል።

የመጀመሪያው አደጋ ነዳጁ ነው። ለነጭ ጋዝ በተሠራች ላምፕ ውስጥ ቤንዚን አይጨመርም፤ ትንሽም ቢሆን አይቀላቀልም። ለምን መሰላችሁ? ነጭ ጋዝ ክብሪት የሚያነሳ ትነት የሚሰጠው ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ስለዚህ "ብርድ ነው፣ አይነሳም" የሚባል ነገር የለም። የመንዝ ውርጭ ውሃን ያቆመዋል እንጂ ቤንዚንን አያስተኛውም።

በሃይላንድ የተገዛ ነዳጅ ሌላም ጣጣ አለው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቁም። ነጭ ጋዝ ነው ተብሎ ቤንዚን የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ሕፃን ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ይህን ነዳጅ የጠጣ ልጅ ካጋጠማችሁ እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ሲያስመልስ ነዳጁ ወደ ሳንባው ይገባል። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሁለተኛው አደጋ ደገኛውን በተለይ ይመለከታል። ቢውቴን የተባለው ጋዝ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ኃይሉ ይደክማል። ነበልባሉ ይልፈሰፈሳል። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል? ቆርቆሮዋን እሳት ዳር ያስቀምጣታል፤ ወይም በሌላ እሳት ያሞቃታል። ይህ ቦምብ ማሞቅ ነው። ቆርቆሮዋን ቀድማችሁ ሙቀት ያለው ክፍል ውስጥ አሳድሯት፤ ከዚያ ያለፈ ማሞቂያ አያስፈልጋትም። እንደ ለኮሳችኋትም ወዲያው አትገልብጧት። ገና ሳትሞቅ ከተገለበጠች ጋዙ በፈሳሽነቱ ይወጣና ነበልባሉ ድንገት ክንድ ያህል ይረዝማል።

ጋዝ ማፍሰሷን የምታዩት ደግሞ በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት አይደለም። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሽታው አፍንጫችሁ ጋ ሳይደርስ እግራችሁ ሥር ሊሞላ ይችላል።

የቆመ ቧንቧ በእሳት አይፈታም

ወደ መሐል ሜዳው ቧንቧ እንመለስ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት የመንዝና የግሼ ደጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ነፋስ የሌለበት ሌሊት፤ ውርጭ የሚወደው ይህንን ነው። ከመሬት በላይ የተዘረጋ ቀጭን ቧንቧ በንጋቱ ሊቆም ይችላል።

ታዲያ በላምፕ ብናሞቀው ምን ይሆናል? እሳቱ የሚያርፈው መሐል ላይ ነው እንበል። እዚያ ያለው በረዶ ይቀልጣል፣ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። ግራና ቀኙ ግን ገና በረዶ ነው፤ መውጫ የለውም። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲተን ከ1600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካጣ ቧንቧውን ቀዶ ይወጣል፤ የሚወጣው ደግሞ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ላምፕ የያዘው ሰው ፊት ላይ ነው።

"ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀቱም ያን ያህል አይደለም" የሚል ሰው ታገኙ ይሆናል። እውነት ነው፣ 3000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ግን 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ እንኳ ቆዳን በጥልቀት ለማቃጠል 5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። 90ው ጊዜም አይሰጥም።

የቆመ ቧንቧ የሚፈታው እንዲህ ነው፦

1. መጀመሪያ ጫፉ ላይ ያለውን ቧንቧ ክፈቱት። የሚቀልጠው ውሃ መውጫ ይኑረው።

2. ከተከፈተው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ከመሐል አትጀምሩ።

3. ቧንቧውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ውሃ አፍስሱበት። የሚፈላ መሆን የለበትም፤ የፕላስቲክ ቧንቧ በሚፈላ ውሃ ይለሰልሳል።

4. ካልቸኮላችሁ ደግሞ ፀሐይዋን ጠብቁ። የደጋ ፀሐይ ስትወጣ ጨካኝ ናት፤ ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን ሥራውን በነፃ ትሠራላችኋለች።

ከሁሉ የሚሻለው ግን እንዳይቆም ማድረግ ነው። እኛ አገር ውርጩ ላዩን ነው የሚመታው፤ መሬት ውስጥ በደንብ የተቀበረ ቧንቧ አይነካም። መቅበር ካልተቻለ በጭድ፣ በስፖንጅ ወይም በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላዩን በፕላስቲክ ሸፍኑት። ማታ ማታ መስመሩን ዘግቶ ውሃውን ማፍሰስም ይቻላል። ለበዓል ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ከኬክና ከጋቢ ጋር አንድ ጥቅል የቧንቧ ስፖንጅ ይዛችሁ ብትሄዱ ትልቅ ስጦታ ነው።

እሳቱ ፊት ያለው ምንድን ነው?

ላምፕ የያዘ ሰው ነበልባሉን ይፈራል፤ ጥሩ ነው። የማይፈራው ግን ነበልባሉ የሚያርፍበትን ነገር ነው። ሳንባን የሚጎዳው እሱ ነው።

ነጩ ብረት ቧንቧ። ዝገት እንዳይበላው ላዩ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በ907 ዲግሪ ፈልቶ ይተንናል። (907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚጠራበት ቁጥርም ስለሆነ አትረሱትም!) ነጭ ጭስ ስታዩ ዚንኩ ነው። ይህን የማገ ሰው ወዲያው ምንም ላይሰማው ይችላል። ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ይገባል። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይቆረጥመዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፣ ይደርቃል፣ ያስለዋል።

ታዲያ ይህ ሰው ምን ይላል? ደጋ ላይ ከሆነ "ብርድ መታኝ"። መርሐቤቴ ውስጥ ወደ ጀማ ሸለቆ ቆላ ወርዶ ሲሠራ ከነበረ ደግሞ "ወባ ነው"። ወባ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ምርመራ ነው፤ በግምት መድኃኒት አትዋጡ። ለሐኪሙ ግን "ዛሬ ነጭ ብረት ቧንቧ በእሳት ሳሞቅ ነው የዋልኩት" ብላችሁ ንገሩት። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ትቀይራለች። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። የሚገርመው፣ ሰውነት ከጭሱ ጋር በየቀኑ ሲገናኝ ይለምደውና እሑድ አርፎ ሰኞ ሲመለስ እንደገና ያመዋል። ለዚህ ነው በውጭ አገር "የሰኞ ትኩሳት" የሚሉት።

"ዶክተር፣ ወተት እየጠጣሁ ነው የምሠራው" የሚለኝ ሰው አለ። ወንድሜ፣ ወተቱ የሚገባው ወደ ሆድ ነው፤ ጭሱ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። አይገናኙም። ወተቱን ጠጡት፣ ምግብ ነው። ጭሱን ግን በአየርና በርቀት ነው የምታሸንፉት፦ ደጅ አውጥታችሁ ሥሩ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጉ፣ መሞቅ ያለበትን ቦታ ልባሱን ቀድማችሁ ፋቁት።

የፕላስቲክ ቧንቧ። ፒቪሲ ቧንቧን አፉን ለማስፋት ወይም ለማጠፍ እሳት ላይ ማዞር የተለመደ ነው። ፒቪሲ ለመለስለስ የሚፈልገው 80 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን ይጠቁርና ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል አሲድ ጋዝ ይለቃል። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነውና አይገርምም። በ1000 ዲግሪ ነበልባል 80 ዲግሪ መፈለግ፣ በመጋዝ ጥፍር እንደ መቁረጥ ነው። ማጠፍ ካለባችሁ የጋለ አሸዋ ሙሉበት፣ ወይም ሞቃት አየር የሚነፋ ማሽን ተጠቀሙ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን መገጣጠሚያውን መግዛት ነው። የፒቪሲው ማጣበቂያ ራሱ ተቀጣጣይ ስለሆነ ክፍት ቆርቆሮው እሳት አጠገብ አይቀመጥ።

ይህን ጭስ በብዛት የማገ ሰው ለጊዜው ቢሻለውም ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። "አልፎልኛል" ብሎ ብቻውን አይደር።

ቴፍሎን። ጥርሱ ላይ የተጠመጠመው ነጭ ጥቅል በጣም ሲግል እሱም ትኩሳት የሚያመጣ ጭስ አለው። እጁ ላይ ቴፍሎን የተጣበቀበት ሰው ሲጋራ ሲለኩስም ያው ነው። እጅ ታጥቦ ይሁን፤ ባይጨስ ደግሞ የበለጠ እንወዳለን።

ቤቱስ ከምን ተሠራ?

መንዝ ውስጥ ከጓሳ ጥብቅ ስፍራ በሚታጨደው የጓሳ ሣር የተከደኑ ቤቶች አሉ። ጓሳ ለመንዝ ሰው ጣሪያውም ገመዱም ነው፤ ለዚህም ነው አባቶች ለዘመናት በሥርዓት ሲጠብቁት የኖሩት። ግን በጋ ላይ ደርቆ ሲቆይ ለአንድ ፍንጣሪ ዝግጁ ነው። የሣር ክዳን ሥር ላምፕ አይለኮስም፤ ቧንቧው ተፈቶ ደጅ ይወጣል። በቃ።

ከተማ ያለነውም አናመልጥም። የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ጭድና እንጨት አለ። ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ሥር ያለ ቧንቧ ሲሞቅ ከጀርባው ላሜራ ጣልቃ አስገቡ። ሥራው አልቆ ላምፗ ከጠፋች በኋላ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቦታውን አትተዉት። ጭድ ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን ሊጨስ ይችላል፤ እሳቱ የሚነሳው ሰው ምሳ ሲሄድ ነው።

ሽንት ቤትና ሴፕቲክ ታንክ አጠገብ ላምፕ ፈጽሞ አይለኮስም። እዚያ ያለው ጋዝ ይነዳል። በሩ የተዘጋ ባኞ ቤት ውስጥም አትሥሩ። ላምፗ ልክ እንደ ከሰል ሽታ የሌለውን መርዘኛ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ልታወጣ ትችላለች። 3000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፤ ኦክስጅኑ ቀድሞውንም ስስ ስለሆነ መርዙ ቶሎ ይጥላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከጀመረ እሳቱን አጥፍቶ ደጅ መውጣት ነው።

አለባበሳችሁንም እዩት። የሚያብለጨልጨው ናይለን ጃኬትና ፖሊስተሩ ሹራብ እሳት ሲነካቸው ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። የበግ ፀጉር ግን አይቀልጥም፤ ቶሎም አይቀጣጠልም። የመንዝ አባቶች በርኖስ እና ባና ለብርድ ብቻ ሳይሆን በዚህም ጥበብ ነው! የጥጥ ቱታ፣ የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መነጽር። አንድ እውነተኛ ሱፍ ባና ደግሞ ከጀሪካኗ ጎን ተጣጥፎ ይቀመጥ፤ የሰው ልብስ ከተያያዘ መጠቅለያ ይሆናል። ፖሊስተር ብርድ ልብስ ግን አይሆንም።

ከሆነስ? 20 ለ20

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ከግሼ ራቤል ወይም ከገጠር ቀበሌ እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ ረጅም ነው። የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ግን የሐኪም አይደሉም፤ የእናንተ ናቸው።

1. እሳቱን አጥፉ። ልብስ ከተያያዘ አትሩጡ፤ መሬት ላይ ተኝታችሁ ተንከባለሉ፤ አጠገብ ያለ ሰው በባናው ያፍነው።

2. ከጀሪካኗ ውሃ በቀስታ ለ20 ደቂቃ አፍስሱ። በረዶ አታድርጉ። ወዲያው ካልተቻለ እንኳ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል፤ "አልፏል" ብላችሁ አትተዉት።

3. ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር ወዲያው አውልቁ። እብጠት አይጠብቅም። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አትገንጥሉ።

4. የተቃጠለውን አቀዝቅዙ፣ ሰውየውን አሙቁ። ይህ ለደጋ ሰው እጅግ አስፈላጊ ነው። ውሃው የተቃጠለው ላይ ብቻ ይፍሰስ፤ ሌላው ሰውነት በጋቢ ይሸፈን። በተለይ ሕፃንና አዛውንት ቶሎ ይበርዳቸዋል፤ ከተንቀጠቀጡ አቁሙ።

5. በንጹሕ ስስ ፕላስቲክ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ሳታጠብቁ ሸፍኑ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ።

የማይደረጉ ነገሮች፦ ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና፣ ሊጥ፣ ጭቃ፣ የሞተር ዘይት። አውቃለሁ፣ ሁሉም በፍቅር ነው የሚቀባው። ግን ሙቀቱን ውስጥ ያፍናል፤ ቁስሉን ያቆሽሻል፤ እኛም ጥልቀቱን ለማየት መጀመሪያ ያንን መፋቅ አለብን። በሽተኛው ሁለት ጊዜ ይሰቃያል።

መቼ ነው ወደ ሐኪም የሚኬደው?

ቃጠሎው ከሰውየው የራሱ መዳፍ ከበለጠ፤ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፤ ቆዳው ከነጣ ወይም ከጠቆረና የማያም ከሆነ (አለማመሙ ጥሩ ምልክት አይደለም፣ ነርቩ ተቃጥሏል ማለት ነው)፤ ተጎጂው ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

በደቂቃ የሚፈጠንበት ደግሞ አለ። የአፍንጫ ፀጉሩ ከተለበለበ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ አክታው ከጠቆረ ጉሮሮው እያበጠ ሊሆን ይችላል። አሁን እያወራ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከሰዓታት በኋላ መተንፈሻው ሊዘጋ ይችላል።

አካባቢው ላይ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ዓለም ከተማ ላይ እናት ሆስፒታል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ አሉ። አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ሆስፒታል የታወቀ የቃጠሎ ሕክምና ማዕከል አለው፤ አቤት ሆስፒታልም ለቃጠሎና ለድንገተኛ አደጋ የተቋቋመ ነው። አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አትርሱ። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይወስዱታል፤ ብዙ ወንዶች ግን መቼ እንደወሰዱ እንኳ አያስታውሱም። ቃጠሎ ለዚህ በሽታ በር ይከፍታል፤ ጠይቁ። ጣት ላይ የደረሰ ቃጠሎ ደግሞ ሲሽር እንዳይጨመደድ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል፤ ለቧንቧ ሠራተኛ እጁ እንጀራው ነው፤ "ደረቀልኝ" ብሎ ቀጠሮውን አይተው።

ከመለኮሳችሁ በፊት፣ ቆም ብላችሁ

ጀሪካኗ ሙሉ ናት? ባናው አጠገብ ነው? ነዳጁ ትክክለኛው ነው? ቧንቧው ተከፍቶ ባዶ ነው? ከጀርባው ምን አለ? አየር ይገባል? ልጆች ርቀዋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ይህ ሥራ የግድ እሳት ያስፈልገዋል? ብዙ ጊዜ መልሱ "አያስፈልገውም" ነው።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ላምፕ ይዛችሁ አታውቁ ይሆናል። ግን ቤታችሁ ቧንቧ ሠሪ ትጠራላችሁ። ሲመጣ "ሻይ ልጋብዝህ?" ከማለታችሁ በፊት ጀሪካን ሙሉ ውሃ አቅርቡለት። ቢስቅባችሁም ይሳቅ። የሚያስፈልገው ቀን እንዳይመጣ እንመኛለን፤ ከመጣ ግን ከኮልጌቱ በፊት የሚደርስለት እሷ ናት።

ለቧንቧ ሠሪው ወንድማችሁ፣ አገር ቤት ላሉት ቤተሰቦቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። ጤና ይስጥልን፤ እሳቱ ለምድጃ ብቻ ይሁንልን!